ጭራው እስኪያልፍ

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ይህ ደብተር የደንበኛ ልኬት የምጽፍበት ነው። ከፊቱ የመኪና ወንበር ርዝመትና ወርድ አለ። ገልብጬ ከኋላው የራሴን መጻፍ ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅም።

ዛሬ ማ ቦይካኞ ሠላሳ አንድ አዲስ አርማ በካርቶን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ። የጉንዳኖች ሞተረኛ ክለብ መሪያችን ናቸው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሞተር ላይ ሲወጡ ግን ሽማግሌ የምንመስለው እኛ ነን። የማውን ከተማው ትልቁ የሞተረኞች ስብሰባ ዘንድሮ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን ያከብራል። ድንበር ተሻግሮ የሚመጣው ብቻ ሺህ ይሆናል ይላሉ። ከኛ ከተማ ከሎባትሴ ሠላሳ አንድ ሆነን እንወጣለን፤ በየሰደርያው ጀርባ፣ ከጉንዳኑ ሥር፣ የበዓሉ አርማ ይሰፋል። ሰፊው ማን ነው? እኔ። ወንበር የሚሰፋ ማሽን ቆዳም ይሰፋል።

"በጁላይ አስር ማለቅ አለበት፤ እንደለመድከው ኋላ እንዳትቀር" አሉኝና ሳቁ።

ጭራ ስለሆንኩ ነው። ክለቡ በረድፍ ሲጓዝ መጨረሻ ላይ የምነዳው እኔ ነኝ። የወደቀ አነሳለሁ፣ የተበላሸበት ጋ እቆማለሁ። ከኔ በኋላ የጉንዳን ሰው የለም። አስራ አራት ዓመት ጭራ ነኝ፤ ጋኦላቴ የሚለውን ስሜን የምታስታውሰው ሚስቴ ብቻ ናት።

"ሠላሳ አንድ ነው ሠላሳ ሁለት?" አልኳቸው።

"ሠላሳ አንድ። ሴአቤሎ አርማ የለውም።"

የሴአቤሎ የጉንዳን አርማ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። አምና በምላጭ ተርትሬ ከሰደርያው ያነሳሁት ራሴ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 5

ስድስት ሰፋሁ። ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ወገቤ። የታክሲው ሰውዬ ወንበሩን ሊወስድ መጥቶ አልደረሰም ብዬው ሰድቦኝ ሄደ። እውነቱን ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 7

ሴአቤሎ መጣ። ክራንቹን በሩ ላይ አስደግፎ፣ በላስቲክ የያዘውን ትኩስ ማግዊኛ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው።

"አንተ ሰውዬ፣ ቆዳዬን ዘይት በዘይት አደረግከው!"

"ቆዳው ዘይት ቢጠጣ ምን አባቱ! አንተ ብላ፣ መርፌ መስለሃል።"

በላን። ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። ሲበላ ያወራል፣ ሲያወራ ይስቃል። ከጉልበቱ በታች ግራ እግሩ የለም፤ ሱሪውን አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ይይዘዋል። ልስፋልህ ብለው "አይ፣ ሊበቅል ይችላል" ይለኛል።

ከዚያ እንደተለመደው ጠየቀኝ።

"አስር ደቂቃ ነው ያልከኝ፣ አይደል?"

"አስር።"

"አስር ደቂቃ! ሦስት ሰዓት ከአስር ቆሜ፣ አስር ደቂቃ አቃተኝ። አይ አንተ ሴአቤሎ!" ብሎ ራሱን መታ።

ከሄደ በኋላ ሁለት ሰደርያ አበላሸሁ። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

እሁድ፣ ጁን 8

ሕጋችን ቀላል ነው። ሠላሳ ሞተር ባንድ መንገድ ሲሄድ ይበጣጠሳል። ስለዚህ መገንጠያ በደረስን ቁጥር ከመሪዋ ቀጥሎ ያለው ሰው ወርዶ ማዕዘኑ ላይ ይቆማል። ዘብ እንለዋለን። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱን አይቶ ይታጠፋል። ዘብ ጭራው እስኪያልፍ አይነቃነቅም። ጭራው ደርሶ እጁን ሲያነሳለት ነው ተነስቶ የሚከተለው። ቦታውን የለቀቀ ዘብ አርማው ይነሳል። በክለቡ ዕድሜ የተነሳበት ሰው አንድ ብቻ ነው።

አምና ወደ ማውን ስንሄድ ከሴሮዌ ወዲያ ያለው መገንጠያ ላይ ዘቡ ሴአቤሎ ነበር። ሁለት ግራር ያለበት፣ ስልክ የማይሰራበት ቦታ ነው። እኔ ጎማ ተንፍሶብኝ ዘገየሁ። እሱ በተነሳ በአስር ደቂቃ ደረስኩ፤ አልነበረም። ያለፈ መስሎኝ ወደ ሰፈሩበት ሄድኩ። ለካ በርዶት ወደ ሴሮዌ ልመለስ ብሎ ነው፤ አራት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ከአህያ ጋር ተጋጭቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። መሽቶ ስለነበር ሳላየው አልፌያለሁ። እኔ በዚያ መንገድ መጥቼ ምንም ስላላየሁ፣ ፍለጋ የወጡት በወዲያኛው በኩል ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ የከብት መኪና አገኘው።

የሆነው ይህ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14

ስብሰባ፣ ማ ቦይካኞ ግቢ። ሁሉም ሰደርያውን ለዛሬ ከሱቄ ወስዶ ለብሷል፤ ሴአቤሎ ሹራብ።

ፒክአፓችንን የሚነዳው ኦናሌና፣ አፉ እንደ ጭስ ማውጫው የማያርፈው፣ ብድግ አለ። "እኔ ሕግ አላውቅም። እንጀራዬም ሞተሬም መሪ መያዝ ብቻ ነው። ግን ሰውየው እግሩን ሰጠ፣ ሌላ ምን ይስጥ? አርማውን መልሱለትና እንብላ!"

"እግሩን ለክለቡ አልሰጠም፤ ለአህያ ነው የሰጠው" አሉ ማ ቦይካኞ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ለማሳቅ አልነበረም። ወደኔ ዞሩ። "ጭራው፣ ስትደርስ አልነበረም። አይደል?"

"አልነበረም።"

"በስንት ደቂቃ?"

"በአስር።"

"አስር ደቂቃ ቢታገስ ዛሬ ባለ ሁለት እግር ነበር። ይኼን ሕግ ያወጣነው ለጌጥ አይደለም።"

ሴአቤሎ ራሱን ነቀነቀ። "እውነታቸውን ነው" አለ። "አርማ አልጠየቅኩም። ብቻ ለሃያ አምስተኛው አብሬያችሁ ልሂድ፤ ከምጣዱና ከድንኳኑ ጋር ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ።"

ከስብሰባው ስንወጣ ትከሻዬን ያዘ። "አንተ አትሳቀቅ። መሽቶ ነበር። እኔ ራሴ ሞተርህን ለመስማት አራት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ወደ አስፋልቱ ቀስሬ ተኝቼ አልሰማሁህም፤ ራሴን ስቼ ነበር ማለት ነው።"

ተቀቅሎ የተወቀጠው ሥጋ፣ ሰስዋው፣ ቀርቦ ነበር። አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ጁን 18

አስራ ስምንት ሰደርያ አለቀ። ሳልተኛ እነሳለሁ፣ ሳልነቃ እውላለሁ።

ጧት ሚስቴ ታፖሎጎ ሻይ እየቀዳች "ሌሊት ሌሊት ማንን ነው የምትከራከረው?" አለችኝ።

"ምን አልኩ?"

"'ጎማ ነው፣ ጎማ ነው' ትላለህ። አንተ፣ የየትኛው ሞተር ጎማ ነው? ያንተን ጎማ እኮ አምና በዚያ ሰሞን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጥፍ የለውም።"

ሻዩ አቃጠለኝ ብዬ ተነሳሁ። እሷም ስኳሩን ከደነች። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስት የምትጠይቀው ስላላወቀች አይደለም።

ሰኞ፣ ጁን 23

ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው። ማንም እንደማያነብ ካላመንኩ የት ላምን ነው።

ጎማ አልተነፈሰብኝም።

ሴሮዌ ስንደርስ ሁሉም ነዳጅ ቀድቶ ወጣ። እኔ ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ከሎባትሴ ሌሊት ነበር የተነሳነው። ማደያው ጀርባ ዛፍ አለ፤ አምስት ደቂቃ ጀርባዬን ላሳርፍ ብዬ ተጋደምኩ። የነቃሁት ጥላው ሲሸሸኝ ነው። አስራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሦስት ሰዓት ያህል ተኝቻለሁ! ጭራ፣ ኋላውን የሚጠብቀው ሰውዬ።

አንድ የጭነት ሾፌር "ሳይመሽብህ በአዲሱ አስፋልት ቁረጥ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ታተርፋለህ" አለኝ። ቆረጥኩ። ሴአቤሎ መገንጠያው ላይ እንዳለ ረሳሁ ብል ውሸት ነው። አስታውሼዋለሁ። እስካሁን አይቆምም፣ ተሰላችቶ ሄዷል አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ ይባላል።

ስደርስ "ሴአቤሎስ?" አሉኝ። ማፈሬን ለመደበቅ "መገንጠያው ላይ አልነበረም" አልኩ። አንዲት ትንሽ ቃል ናት። እውነትም አልነበረም፤ እኔም አልነበርኩም። በዚያች ቃል ፍለጋውን ወደ ሌላ በኩል ላክሁት። እሱ አስፋልት ዳር ተኝቶ የኔን ሞተር ያዳምጣል። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ቢመጣ እግሩ ይተርፍ ነበር ያለውን ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።

አስር ደቂቃዋንም የፈጠርኳት እኔ ነኝ። አልጋው ላይ ሆኖ "ለአስራ ሁለት ሃያ ጉዳይ ነው የተነሳሁት፤ አንተ ስንት ሰዓት ደረስክ?" አለኝ። ከሩቅ ሰዓት ይልቅ ቅርብ ሰዓት የሚታመን መሰለኝ። ካንተ በኋላ በአስር ደቂቃ አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብለው ኖሮ ራሱን ይቅር ይል ነበር። ይኼ አልታሰበኝም። እኔ ለራሴ ብቻ ነው ያሰብኩት።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ትናንት የጻፍኩትን ልቅደድ ብዬ ያዝኩት። ከጀርባው የአንድ ሚኒባስ ልኬት አለ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 2

ብርዱ በረታ። ሃያ ስድስት አለቀ። እሱ ቤት ሄጄ ልነግረው ወጣሁ። ሚስቱ ኬፊልዌ በር ላይ ተቀብላ "ደግ ሰው! አንተ ባትኖር ይኼኔ በሐሳብ ሞቶ ነበር" አለችኝ። ስለ አየሩ አውርተን ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ተገላገልኩ መሰለኝ።

ማ ቦይካኞ ሰደርያዎቹን ሊወስዱ መጥተው ሲያበቁ ወንበር ሳቡ። "አርማውን ስጡት ብለው ሁሉም ናላዬን አዞሩት" አሉ። "ሕግ አልሰብርም። ግን ሰውየው ያጎደለው ቦታ ላይ ቆሞ ይሙላ። ያው መገንጠያ ላይ ኦናሌና ቀድሞ ያወርደዋል፤ በክራንቹ ይቁም። ሁላችንም እንለፍ፣ አንተ ስታልፍ እጅህን አንሳለት። ያኔ እዚያው ማውን ላይ፣ ሺህ ሞተረኛ ፊት ትሰፋለታለህ።"

"አሁኑኑ እሰፋለሁ" አልኩ።

"አሁን አይደለም! አንተ ደግሞ ሁሌ መቁረጥ ትወዳለህ።"

እንዲያው ነው ያሉት፤ ምንም አያውቁም። ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ነገ እንወጣለን። የሴአቤሎን አርማ በጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ አደረግኩ፤ ወፍራም መርፌና በሰም የታሸ ክር ጨመርኩ። ነገ እጄን አነሳለሁ፣ ዘቡ ሥራውን ይጨርሳል፣ አርማው ይመለሳል፣ አስር ደቂቃዋም ትከፈላለች። ሁሉም ደስ ይለዋል። ማንን ይጎዳል? ሆድ ይፍጀው።

ታፖሎጎ ሹራብ ስታጣጥፍልኝ "በየትኛው መንገድ ነው የምትሄዱት?" አለች።

"በድሮው።"

"ጥሩ" አለች።

ዓርብ፣ ጁላይ 18፣ ጧት

ማሃላፕዬ ማደያ። ጣቴ ደንዝዟል። ሠላሳ አንድ ሞተር፣ ሁሉም ደህና። ሴአቤሎ በፒክአፑ መስኮት አንገቱን አውጥቶ እንደ ሚኒስትር እጁን ያወዛውዛል። "ጭራ! ዛሬ እንዳታስጠብቀኝ፣ ያለኝ አንድ እግር ነው!" ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ያው ቀን፣ ሴሮዌ

ያ ዛፍ አለ። ከሞተር አልወረድኩም።

ያው ቀን፣ መገንጠያው

አሁን ጊዜ አለኝ፤ ሁሉንም በሥርዓቱ ልጻፍ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ ግራሮች ታዩኝ። የቀሩት ሠላሳዎቹ ታጥፈው ጠፍተዋል። ሴአቤሎ ማዕዘኑ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክራንቹን በአንድ እጁ፣ በሌላው መታጠፊያውን ያሳያል። አርማ የሌለውን ሰደርያውን ለብሷል፤ የተተረተረው ቦታ ከሩቅ ይታያል። ኦናሌና ፒክአፑን ከግራሩ ሥር አቁሞ ብርቱካን ይልጣል።

ሥራዬ እጄን ማንሳትና ማለፍ ብቻ ነበር። ማርሹን ቀነስኩ። እጄንም አነሳሁ።

ሴአቤሎ ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "አየኸኝ?" ብሎ ጮኸ። "ቆሜ አገኘኸኝ! አስር ደቂቃዋን ከፈልኳት፣ አንተ! ከፈልኳት!"

ሞተሩን አጠፋሁ።

"አስር ደቂቃ የለም" አልኩት።

"ምን?"

"አስር ደቂቃ የሚባል የለም። እኔ አልመጣሁም። በዚህ መንገድ አልመጣሁም። ሴሮዌ ተኝቼ ነበር፤ ከዚያ በአዲሱ አስፋልት ቆረጥኩ። ጎማም አልተነፈሰብኝም። እስከ ጧት ብትቆምም አልመጣም ነበር።"

ኦናሌና ብርቱካኑን ያዘው፣ አልበላውም።

ሴአቤሎ ክራንቹን አጥብቆ ያዘ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ስንት ደቂቃ አተረፍክ?" አለኝ።

"ሠላሳ አምስት።"

ቁጥሩን በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ከዚያ ከደረት ኪሴ አርማውን አውጥቼ ሰጠሁት። መርፌውንና ክሩንም ዘረጋሁለት።

"እሱን ያዘው" አለ። "ኬፊልዌ ትሰፋዋለች።"

ወደ ፒክአፑ ሄዶ ክራንቹን ወረወረና ተሳፈረ። ከመስኮቱ ጠራኝ። "ጋኦላቴ።" ስሜን ከጠራኝ ስንት ዓመቱ ነው። "ውረድና ማዕዘኑ ላይ ቁም።"

"እስከ መቼ?"

"ጭራው እስኪያልፍ።"

"ጭራው እኔ ነኝ እኮ።"

"ዛሬ ጭራው እኔ ነኝ" አለ። ኦናሌናን በክርኑ ጎሰመው፤ ሄዱ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ቆምኩ።

አስር ሰዓት

አምስት መኪና፣ አንድ የከብት ጭነት። ሁለት የማላውቃቸው ሞተረኞች ከሰሜን መጥተው "ተበላሸብህ?" አሉኝ። "አይ፣ ዘብ ነኝ" አልኩ። ገባቸው፤ እጃቸውን አንስተው አለፉ። ከግራሩ ጥላ ይልቅ ማዕዘኑ ላይ ነፋሱ ይበረታል። እሱ ግን አምና ጥላው ሥር ቢቆም ኖሮ ከኋላ የሚመጣ አያየውም ነበር። እኔ ደግሞ "ተሰላችቶ ሄዷል" አልኩ፤ ሰውየውን እያወቅኩት።

አስራ አንድ ሰዓት

የአህያ ጋሪ የሚነዱ ሽማግሌ ከሴሮዌ በኩል መጡ። ቆብ አውልቄ ሰላም አልኳቸው። ጋሪያቸውን አቁመው ከላይ እስከታች አዩኝ፤ ጉንዳኑ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

"አምናም እንዳንተ ያለ ቆዳ የለበሰ ሰው እዚሁ ቆሞ ነበር" አሉ። "ቤቴ ያቻት። ባለቤቴ ውሃ ወስዳለት፣ ግባና እሳት ሙቅ ብትለው እንቢ አላት።"

"በርዶት ወደ ከተማ ተመለሰ አሉ" አልኩ።

"ማን ነው በርዶት ያለህ?"

"ራሱ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብርድማ አይደለም። ሲመሽ ሞተሩን አስነስቶ ቤቴ ድረስ መጣ። 'አባቴ፣ ጓደኛዬ ከኋላ ነው፤ እሱ የሚቀር ሰው አይደለም፤ ወድቆ ነው እንጂ። ልፈልገው ልሄድ ነው። እኔ ሳልመለስ ቢደርስ ወዲህ ነው የሚታጠፈው በሉት' ብሎኝ ሄደ። እኔም እዚህ ቆሜ ጠበቅኩልህ፤ የመጣ ሰው የለም። ያ ጓደኛው ተገኘ ወይ?"

"ተገኝቷል" አልኳቸው። አህያቸውን መታ አድርገው ሄዱ።

ቦታውን የለቀቀው እኔን ፍለጋ ነው። ከዚያ ዓመት ሙሉ በረደኝ አለ። ማ ቦይካኞ ፊት በረደኝ አለ፤ አርማውን ስተረትር አጠገቤ ቁጭ ብሎ በረደኝ አለ። እኔ እንዳልሳቀቅ ነው። እሱ የሚቀር ሰው አይደለም አለ ስለኔ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ዘብ አይቀመጥም ብዬ ተነሳሁ።

ለአስራ ሁለት ሃያ ጉዳይ

ሦስት ሰዓት ከአስር ሞላኝ። እሱ የተነሳው በዚህች ደቂቃ ነው። ፀሐይዋ ከሳሩ ሥር ገብታለች። አህዮች አስፋልቱ ይሞቃቸዋል መሰል፣ አንድ በአንድ እየወጡ መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ። በዚህ ብርሃን ሳይጠጉ አይታዩም። ይህን እያየ ነው ሞተሩን ያስነሳው።

ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ

አስሯንም ደቂቃ ቆምኩ። እንዲህ ረጅም እንደሆነች አላውቅም ነበር።

ማንም አልመጣም። ይምጣ አይምጣ የሱ ፈንታ ነው። ፊደሉ አይታየኝም፤ ደብተሩን ልዝጋ። ጭራው ሲደርስ ቆሜ ያግኘኝ።